ባዶ የተመለሰው ሳህን

ኬንጎ እናቱን አንድ ነገር ብቻ ነበር የለመናት። «እማ፣ እኔ ራሴ እስክጠራሽ የምሠራበት ምግብ ቤት እንዳትመጪ። የምጠራሽ ቀን ትመጫለሽ፤ ያን ቀን እኔ ጠብሼ፣ እኔ ቆርጬ፣ እኔው አቀርብልሻለሁ» አላት። ቶኪኮም እሺ አለች። እሺ ማለት አይከብዳትም ነበር። የሚከብዳት እሺ ብሎ መቀመጡ ነው።

ቢሆንም ስድስት ዓመት ታግሳለች። ልጇ በእነዚያ ዓመታት መጀመሪያ ሳህን ሲያጥብ፣ ከዚያ ጥቅል ጎመን እንደ ፀጉር አቅጥኖ ሲከትፍ፣ ከዚያ ደግሞ ሩዝ ሲቀቅልና ለአሳማ ጥብሱ የሚለበሰውን የዳቦ ፍርፋሪ ሲያዘጋጅ ኖረ። በደወለች ቁጥር የምትጠይቀው ያው ነው። ጣትህን አልቆረጥክም? እንቅልፍ ትተኛለህ? ካልሲህ ደረቅ ነው? የእሱም መልስ ያው ነው። «ደህና ነኝ፣ እማ። ሰው መጣ፣ ልዝጋው።»

የዚያን ሐሙስ ጠዋት የደወለችው ግን ሚስቱ ቺሃሩ ነበረች።

«እማማ፣ እኔ እንደነገርኩዎት እንዳይታወቅብኝ እንጂ፣ ኬንጎ ዛሬ ድስቱ ላይ ሊቆም ነው።»

«የቱ ድስት?»

«የዘይቱ ነዋ! አለቃው የዛሬን ምሳ አንተ ጥበስ ብሎታል። ሲገላበጥ አድሮ እኔንም አላስተኛኝ።»

«ቁርስ በልቷል?»

«እማማ!»

«ባዶ ሆዱን ዘይት ፊት ቆሞ ቢያዞረውስ?»

«ሁለት ጎድጓዳ ሳህን ሩዝ ነው የበላው። በሉ እንዳይሄዱ አደራ።»

«እኔ ወዴት እሄዳለሁ?» አለች ቶኪኮ፣ በአንድ እጇ ካፖርቷን ከመስቀያው እያወረደች።

ባቡሩ ውስጥ ለራሷ ስትናገር ነበር። አልገባም። በምግብ ቤቱ በር መጋረጃ ሥር አጮልቄ አየውና እመለሳለሁ። ማን ያውቅብኛል? ኡዌኖ ጣቢያ ስትደርስ ሰዓቱ ለምሳ ተቃርቦ ነበር። ከጣቢያው ጀርባ ባለችው ጠባብ መንገድ ገብታ ሰማያዊውን መጋረጃ አገኘችው። በሩ ላይ ሰዎች ተሰልፈዋል። መጋረጃው ከበታቹ እንዲያሳይ ተብሎ አልተሰቀለም። ጎንበስ ብትል የሚታያት የሰልፈኛው ጫማ ብቻ ሆነ። ሳታስበው እሷም ከሰልፉ ጫፍ ቆመች።

የቶኪኮ ተራ ሲደርስ የአለቃው ሚስት ፉሳኤ «ብቻዎን ነዎት?» ብላ አስገባቻት። ባንኮኒው ሞልቷል። የተረፈው ጥግ ላይ፣ ጫማ ወልቆ የሚወጣበት ምንጣፍ የተነጠፈበት መደብ ነው። ቶኪኮ የአፍ መሸፈኛዋን እስከ ዓይኗ ድረስ ሳብ፣ ባርኔጣዋን ወደ ታች ጫን አድርጋ ወጣችና ከዓምዱ ጎን ተቀመጠች። ከዚያ ልጇን አየችው። ያየችው ጀርባውን ነው። ነጭ የሥራ ጋዋን ለብሷል፤ ማጅራቱን ትናንት የተላጨ ይመስላል። ጆሮዎቹ ቀልተዋል።

ከፊቷ፣ በዚያው ዝቅተኛ ጠረጴዛ ላይ፣ አንድ ሽማግሌ ሻይ እየጠጣ ነበር። ካጂዋራ ይባላል፤ ዕድሜውን ሙሉ የወለል ምንጣፍ ሲሰፋ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው።

«ለዚህ ቤት አዲስ ነዎት መሰለኝ፣ እትዬ» አላት።

«እ… አዎ።»

«እንግዲህ ዕድለኛ ይሁኑ ዕድለ ቢስ አላውቅም። ዛሬ የሚጠብሰው አለቃው አይደለም። ያ ልጅ ነው፤ ያ ጆሮው በርበሬ የመሰለው።»

ቶኪኮን መሸፈኛዋን ዝቅ አድርጋ የጀመረችው ሻይ ትን አላት። «ጎበዝ ነው?» አለች፣ ሳሏን እንደጨረሰች።

«እሱን ዛሬ እናያለን። ያ ሽማግሌ ይታይዎታል? ከዕቃ ማጠቢያው አጠገብ እጁን አጣምሮ የቆመው? አለቃው እሱ ነው። የልጁን ጥብስ ግን አይቀምስም። የሚያየው ሳህን ነው። ተበልቶ የሚመለሰውን ሳህን ሁሉ አንድ በአንድ ያነሳል። ሰው ባይጥመውም "ግሩም ነበር" ብሎ ይሄዳል፤ ሳህኑ ግን አይዋሽም ይላል። ቁራጭ ተርፎ ከተመለሰ በቃ።»

«በቃ ማለት?»

«ልጁ ከድስቱ ይወርዳል። ወደ ጎመን ክተፋው ነው። ከእሱ በፊት የነበረውን በአንድ ሳህን ነው ያወረደው። በኋላ ስንሰማ፣ በላተኛው ለካ ጥርሱን አሞት ነበር።»

«ይሄማ ግፍ ነው!»

«ግፍ ነው» አለ ካጂዋራ፣ ራሱን እየነቀነቀ። «ሥጋው ግን ይጥማል።»

ፉሳኤ ትእዛዝ ልትቀበል መጣች። «ሽንጥ ይሁን ፊሌቶ?»

«ልጁ የቱን ነው አሳምሮ የሚ…» ብላ ቶኪኮ ዋጠችው። «ደስ ያለዎትን ያምጡልኝ።»

«ሽንጡን ስጫቸው» አለ ካጂዋራ። «ጮማ የሌለው ሥጋ ለበሽተኛ ነው።»

«ጋሽ ካጂዋራ፣ ሐኪሙ ለእርስዎ ያለውን ረስተውታል ማለት ነው?»

«ሐኪሙም እዚሁ ነው የሚበላው!»

ፉሳኤ ስቃ ወደ ቶኪኮ ዞረች። «መሃሉ ትንሽ ቀላ ብሎ ነው የሚቀርበው። ከዘይት ከወጣ በኋላ በራሱ ሙቀት ይበስላል፤ ስለዚህ አያስቡ።»

ቶኪኮ እሺ አለች። አልሰማቻትም ነበር። ጆሮዋ ድስቱ ጋ ነው። ልጇ ሥጋውን ዘይቱ ውስጥ ሲያስገባው ድምፁ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዶፍ ሆነ። ከዚያ ቀስ በቀስ ቀጠነ፤ ካፊያ መሰለ። ኬንጎ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሲያዳምጥ አየችው። አውጥቶ ሽቦው ላይ በጎኑ አቆመው። ቢላዋውን ይዞ ጠበቀ። ጥበቃው ረዘመባት። ቁረጠው እንጂ፣ ሊቀዘቅዝብህ ነው አለች በልቧ። ከዚያ የተጠበሰው ፍርፋሪ ሲሰበር እዚያ ድረስ ተሰማ፦ ቋ፣ ቋ፣ ቋ።

ሳህኑ መጣ። ጎመኑ እንደ ጉብታ ተቆልሏል፤ ሎሚ አለ፣ ጨው አለ፣ ሰናፍጩና ጥቁሩ ስጎ በትንንሽ ጎድጓዳ ለየብቻ ቀርበዋል። ኮትሌቱ፣ ፍርፋሪ ለብሶ የተጠበሰው ሥጋ፣ ስድስት ቦታ ተቆርጦ ተደርድሯል። የዳርና ዳሩ ቁራጮች ነጭ ናቸው። አራቱ የመሃል ግን ውስጣቸው እንደ ሕፃን ጥፍር ቀላ ይላል።

የቶኪኮ እጅ አየር ላይ ቀረ።

እሷ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የሠራችው ትምህርት ቤት ውስጥ፣ የልጆች ምሳ የሚበስልበት ትልቅ ወጥ ቤት ነው። እዚያ አሳማ ሥጋ ማለት ፍርሃት ማለት ነበር። የቁራጩ ልብ ውስጥ ቴርሞሜትር ይሰካል፤ ከዚያ ተቆርጦ ይታያል። «ቀይ ካያችሁ ጩኹ» ነበር ሕጉ። አንድ ቀን ራሷ ቶኪኮ ጮኻለች። ያን ቀን የትምህርት ቤቱ ልጆች በሙሉ ዳቦና ወተት ብቻ በልተው ዋሉ፤ የወጥ ቤቱ ኃላፊ ዕቃ ቤት ገብታ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ የቶኪኮ ዓይን ቀይ ባየ ቁጥር ጉሮሮዋ ራሱን ይዘጋል። አሳቢዋ ጉሮሮዋ ነው እንጂ እሷ አይደለችም።

«በጨው ይጀምሩ» አለ ካጂዋራ። «ስጎው ከሁለተኛው በኋላ ነው።»

የዳሩን ቁራጭ በጨው በላች። ጣፋጭ ነበር። ሌላኛውንም ዳር በላች። ከዚያ የመሃሉን በመመገቢያ እንጨቶቿ አንስታ እስከ ከንፈሯ አደረሰችው። መንጋጋዋ አልከፈት አለ። መለሰችው። ለራሷ ሆድ አልነበረም የፈራችው። ይህ ሁሉ ሰው እየበላ ነው፤ ነገ አንዱን ቢያመውስ? የሚጠየቀው ማን ነው? ልጇ ነው። እንደገና ጥበሱልኝ ልበል? እንዲያ ካለች ሳህኑ ከነሥጋው አለቃው ፊት ይሄዳል። ትተወው? ያም ያው ነው።

«ምነው? አልተስማማዎትም?» አለ ካጂዋራ፣ አፉ ሞልቶ።

«እየቆጠብኩት ነው።»

«ኮትሌት ይቆጠባል እንዴ! ትኩሱን ነው እንጂ» አለና ተነስቶ፣ ጉልበቱን እየረገመ ወደ መጸዳጃ ቤት ሄደ።

ቶኪኮ ግራና ቀኟን አየች። መሐረቧን ጭኗ ላይ ዘረጋች። አራቱን ቁራጭ አንድ በአንድ አንስታ ጠቀለለችና ቦርሳዋ ውስጥ አስገባች። ከዚያ ጎመኑን ሁሉ በላች፤ ሩዙንና ሾርባውን ጨረሰች፤ ሎሚውን ሳይቀር ጨመቀችው። ሳህኑ አዲስ እስኪመስል ጠራ።

ፉሳኤ አንስታ ወሰደችው። አለቃው ተቀበላት፤ ሳህኑን ወደ መብራቱ አዘነበለ። አለቃው አንድ ቃል ተናገረ፤ ምን እንዳለ ከመደቡ አይሰማም። ኬንጎ ግን ፊቱን ትንሽ ወደ ጎን አዞረ፤ ጉንጩን አየችው። ፈገግታው እንዳያመልጠው ከንፈሩን ነክሷል። በልጅነቱ ለቡድን ተመርጦ ቤት ሲገባ እንዲህ ያደርግ ነበር።

ተነሳች። ካጂዋራ ሳይመለስ ከፍላ፣ ፉሳኤን እንደ ማንም ሰው «ግሩም ነበር» ብላ አመሰገነችና ወጣች። እግሯ መሬት የሚነካ አልመሰላትም። አሁን ይጠራኛል፣ አለች። በቅርቡ ነው የሚጠራኝ። ያኔ ለኔ ትንሽ በደንብ አብስልልኝ እለዋለሁ፤ እንደ ቀልድ።

ዋናው መንገድ ጋ ስትደርስ ከኋላዋ የሚሮጥ ሰው ሰማች። የፕላስቲክ ቦቲ አስፋልቱን ይመታል።

«ይቅርታ፣ እመቤቴ! እመቤቴ፣ አንዴ ይቁሙልኝ!»

ድምፁን ለየችው። ፈጠነች። በዚህ ዕድሜዋ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ከገዛ ልጇ ሸሸች። የእግረኛው መብራት ቀይ በርቶ አቆማት። መኪናው ብዙ ነው። ጀርባዋን ሰጥታ እንደቆመች ቀረች።

ኬንጎ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ከኋላዋ ቆመ። ሳታየውም እጅ መንሳቱን ከድምፁ አወቀች፤ ድምፁ ወደ መሬት ወረደ።

«ስላስቸገርኩዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከቤታችን ይዘውት የወጡት ሥጋ… አልሰረቁም፣ የእርስዎ ነው፣ ስለዚያ አይደለም። ግን ትኩስ እያለ ካልተበላ ይበላሻል። ማታ ቢበሉት ሊያምዎ ይችላል ብለን ነው። ያልጣመዎት ከሆነ ጥፋቱ የቤቱ አይደለም። የጠበስኩት እኔ ነኝ። በድያለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ሰው ተሻገረ። ቶኪኮ አልተሻገረችም። እሱም ቀና አላለም። እንዲህ ባለ አክብሮት ተናግሯት አያውቅም። አሁንም የሚናገረው ለማያውቃት ሴት ነው።

ዞረች።

«እማ?»

«ኬንጎ… እኔ እኮ…»

«አንቺ ነሽ?»

«በባቡር ሳልፍ… ሳላስበው…»

«እማ፣ ሥጋውን የት አደረግሽው?»

ቦርሳዋን ከፈተች። ዘይቱ በመሐረቡ አልፎ የቦርሳዋን ገበር አርሶታል። ኬንጎ አየው።

«እንዴት አወቃችሁ?» አለች።

«አለቃው መጀመሪያ ጥሩ ነው ብሎኝ ነበር። ኋላ ስጎውን አየ። ይሄን ሁሉ በልቶ ስጎውንም ሰናፍጩንም ያልነካ ሰው የለም አለ። ምንጣፉ ላይ ደግሞ ዘይት ጠብ ብሏል። ራስህ ሩጥና ይቅርታ ጠይቃት፣ እንዳትታመም ንገራት አለኝ።»

«ቀልቶ ነበር፣ ልጄ።»

«ቀልቶ ነው የሚቀርበው። ስድስት ዓመት የተማርኩት እኮ እሱን ነው። እስከዚያ ድረስ አድርሶ ማቆም።»

«አውቃለሁ። ነግረውኛል። አፌ እምቢ አለኝ እንጂ… ሳህኑ ሞልቶ ቢመለስ ደግሞ አንተን ያወርዱሃል አሉ። ለአንተ ፈርቼ ነው።»

«መቼ ነው ለኔ ፈርተሽ የማታውቂው?» አለ። አልጮኸም። ቢጮኽ ይሻላት ነበር። «ሌላ ሰው ቢሆን እኮ ግድ የለኝም። አልጣማትም፣ በቃ፣ እላለሁ። አንቺ ግን አልቀመስሽውም። ሳትቀምሺው ደበቅሽው።»

«አሁን ልብላው። ይኸው፣ እዚሁ ቆሜ ልብላው» አለች፣ መሐረቡን ለመፍታት እየተጣደፈች።

እጁን እጇ ላይ ጫነ። «አሁንማ ቀዝቅዟል።»

«አለቃህን ላነጋግረው? እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ ብዬ…»

«አይሆንም፣ እማ። ተይው።»

«ምን ልትለው ነው?»

«ደንበኛዋ አልበላችውም እለዋለሁ።»

ጥቅሉን በሁለት እጁ ተቀበላት። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ከወገቡ ጎንበስ አለላት፤ ለደንበኛ እንደሚደረገው፣ ዝቅ ብሎ፣ ቆይቶ። ቀና ሲል ዓይኗን አላየም። በሰው መሃል እየሮጠ ተመለሰ። ቶኪኮ ተጣርታ ላብህን ጥረግ፣ ብርድ ይመታሃል ልትለው አፏን ከፍታ ነበር። ዘጋችው።

ማታ እራት ሰዓት ላይ ቺሃሩ ደወለች።

«እማማ፣ ሄደው ነበር አይደል?»

ቶኪኮ የጀመረችውን እራት ከእሳት አወረደች።

«እሱ ምንም አልነገረኝም። እኔው ነኝ የገመትኩት። ጋዋኑን ሳጥብ የእርስዎን መሐረብ ኪሱ ውስጥ አገኘሁት።»

«አወረዱት?»

«እስከሚመጣው ጸደይ ጎመን ላይ ነው።»

«አለቃው ተቆጣው?»

«አልተቆጣም አሉ። ፉሳኤ ናት የነገረችኝ። "የፈራ ሰው አይናገርም፤ አቀማመጡን አይተህ ነው የምታውቀው። አንተ ዘይቱን ብቻ ስታይ ዋልክ። አንዴ ዞር ብለህ አይተሃት ቢሆን፣ ይህቺ ሴትዮ የበሰለ ነው የምትወደው ብለህ ትንሽ ታቆይላት ነበር" ነው ያለው።»

«ማን እንደሆንኩ ኬንጎ ነግሮታል?»

«የማላውቃት ሴት ናት ብሎታል።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ቶኪኮ የአለቃውን ቃል በልቧ ደገመችው። ዞር ብሎ ቢያያት ኖሮ። እሷ ደግሞ እንዳያያት ባርኔጣዋን ወደ ታች ስትጎትት፣ ከዓምዱ ጎን ስትሸሸግ ነበር።

እሑድ ሥጋ ቤት ሄዳ ሦስት ወፍራም ሽንጥ ገዛች። ማንንም አልጠራችም። ፍርፋሪውን አለበሰችው፤ ዘይቱን አሞቀች፤ የመጀመሪያውን ጨመረችና እንደ ልጇ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠች። ዶፉ ካፊያ ሲሆን ማውጣት እንዳለባት ታውቃለች። ካፊያ ሆነ። እጇ ግን እምቢ አላት። ትንሽ ይቆይ። ጥቂት ብቻ። ስትቆርጠው ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነበር። ሁለተኛውን ቀድማ አወጣችው፤ አስተዋለችው፤ ፈራችና መልሳ ጨመረችው። እሱም ነጭ ሆነ። ሦስተኛው ከሁለቱም ባሰ።

ጠረጴዛው ላይ ደርድራ ተቀመጠች። የምግብ ቤቱ ዓይነት ስጎ ስላልነበራት ቤቷ ያለውን በብዛት አፈሰሰችበት። አንዱን ቁራጭ ጎረሰች። አኘከች። ምላሷ ሳይጥመው መንጋጋዋ ደከመ። ይህን ጣዕም ታውቀዋለች። በየቅዳሜው፣ ኬንጎ ጫማው ጭቃ ሆኖ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የምትጠብስለት ይኸው ነበር፤ አላወቀችውም እንጂ ሁልጊዜም እንዲህ እንጨት እንጨት ይል ነበር። እሱ ግን እያኘከ፣ በውሃ እያወረደ ይጨርስና «ደግሞ አለ?» ይላት ነበር።

እሷም ሁልጊዜ ትጨምርለት ነበር።